የኢንሹራንስ ወረቀቱ መኪናው ውስጥ ይሁን

«ለቦሎ የሚሆን ኢንሹራንስ ፈልጌ ነው» የሚል ባለመኪና በየመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ የተለመደ ነው። የሚፈልገው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው። ዓመታዊ ምርመራው ላይ ስለሚጠየቅ ይገዛል፤ ስቲከሩን መስታወት ላይ ይለጥፋል፤ የምስክር ወረቀቱን ቤት ወስዶ ከውል ወረቀቶች ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ኢንሹራንስ እንዳለው ትዝ የሚለው በሚቀጥለው ዓመት ቦሎ ሲደርስ ነው። ይህ ልማድ ጉዳቱ የሚያርፈው በባለመኪናው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የሚጎዳው ግን የተገጨው ሰው ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን አስገዳጅ እንዲሆን የተደረገው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ችግሩ ባለቤቱ የሚከፍለው ሲያጣ ነበር። ስንቱ ተጎጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጁ ይዞ ያለ ካሳ ቀርቷል። አዋጁ ካሳው የባለቤቱን ኪስ ሳይጠብቅ ከመድን ድርጅት እንዲመጣ አደረገ። ለድንገተኛ ሕክምናም በሩን ከፈተ፤ የትኛውም የጤና ተቋም በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ተቀብሎ እንዲያክም ግዴታ ተጣለበት፣ አዋጅ 799 ሲወጣም ወጪው እስከ 2,000 ብር ድረስ እንዲሸፈን ተወሰነ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው አንድ ጥያቄ ሲመለስ ነው፤ መኪናው የየትኛው ድርጅት ደንበኛ ነው? በስንት ቁጥር ውል? ውሉስ ጊዜው አላለፈም? በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የመልሱ መነሻ እኛ መሳቢያ ውስጥ የዘጋንበት ወረቀት ነው።

በሰፈራችን መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ እናት ሚኒባስ ገጭቷቸው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። ሹፌሩ አላመለጠም፤ ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ነገር ግን የመስታወቱ ስቲከር በፀሐይ ከመንጣቱ የተነሳ የድርጅቱ ስም እንጂ ቀኑም ቁጥሩም አይነበብም። የምስክር ወረቀቱ ባለንብረቱ ጋ ነው፤ ባለንብረቱ ክፍለ ሀገር ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ልጃቸው ሥራውን ትቶ የፖሊስ ማስረጃውን ይዞ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲንከራተት፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ጎረቤት አዋጥቶ ከፈለ። ውሉ ኋላ ሲገኝ ጊዜው ያላለፈበት፣ ምንም እንከን የሌለው ውል ነበር! እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ሕጉ አለ፣ ሹፌሩ ሰው ነው፤ የጎደለው የወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ነው።

በእኛ አገር መኪናውን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ታክሲው፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው ሁሉ የሚያድረው በቅጥር ሹፌር እጅ ነው። ባለንብረቱ ዋናውን ወረቀት እንዳይጠፋበት ቤት ቢያስቀምጥ አልፈርድበትም። ኮፒውን ግን በላስቲክ ሸፍኖ ዳሽቦርድ ውስጥ ይተው፤ ፎቶውንም ለሹፌሩ በቴሌግራም ይላክለት። ሹፌሩም ቢሆን ቁልፍ ሲረከብ ጎማና ዘይት እንደሚያየው ሁሉ የኢንሹራንሱን ማብቂያ ቀን አይቶ ይረከብ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነውና።

ሲገዛም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ታግሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ታርጋው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር አንድ መሆኑን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን ሳያዩ ከመስኮቱ መነሳት አይገባም። አንዲት ፊደል ብትሳሳት የሚያሟግተው ያን ቀን ሳይሆን አደጋ የደረሰ ዕለት ነው። ስቲከርና ወረቀት በደላላ እጅ አስመጥቶ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ መኪናው ኢንሹራንስ የለውም ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰውም መስታወቱ ላይ ስቲከር ስላየ ብቻ አይዘናጋ፤ ስሙን ሲያዛውር መድን ድርጅቱም ጋ ይሂድ።

ቦሎውና ኢንሹራንሱ የግድ በአንድ ቀን እንደማያበቁም እናስታውስ። ቦሎው ገና ወራት እየቀሩት ኢንሹራንሱ ያለቀበት መኪና መንገድ ላይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ሰው ቢጎዳ፣ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዱት የሚደርሰው የመድን ፈንድ ለተጎጂው ይከፍላል፤ ከዚያ ግን ፊቱን ወደ ባለቤቱ ያዞራል፣ የከፈለውንም ይጠይቃል። ለጥቂት ሳምንት ዕድሳት ማዘግየት ቤት ሊያሸጥ ይችላል።

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያን) ቢጫ ካርድ ሳይዙ ድንበር መሻገር ስለማይታሰብ፣ ካርዱ ከፓስፖርታቸው እኩል ይጠበቃል። ካርዱ ከአገር ውጭ ለሚደርስ የሦስተኛ ወገን ጉዳት ዋስትና ነው። ለጅቡቲ እግረኛ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ ለመርካቶው እግረኛ የማንጠነቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ትራፊክ ፖሊስም አደጋ ቦታ ላይ የድርጅቱን ስም፣ የውል ቁጥሩንና ማብቂያ ቀኑን በእግረኛው ፊት መዝግቦ ለቤተሰቡ ቢሰጥ ስንት እንግልት በቀነሰ። መድን ድርጅቶች ማብቂያው ሲቃረብ በአጭር መልእክት ያስታውሱ፤ በፀሐይ የማይደበዝዝ ስቲከር ያሳትሙ፤ በታርጋ ቁጥር ጠይቆ ማረጋገጥም ለተጎጂ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ጥሪ የሚያልቅ ይሁን። ውሉን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ቅጂ አትሞ፣ አንደኛው ላይ «ከመኪናው የማይወጣ» የሚል ማኅተም መትቶ መስጠት ይችላል፤ ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።