ለተከበሩ አቶ የሶፍትዌር ፈቃድ

ጉዳዩ፦ ፕሮጀክተር ላይ ስላዋረዱኝ

አቶ ፈቃድ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ላይ ላስቀየመን ሰውም አንቱታ አንነፍግምና እኔም አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ። እስከቻልኩ ድረስ።

ማክሰኞ ሴሚናር ነበረኝ። እናቴ ለምች የምታሽልኝ ዳማከሴ ውስጥ ያለ አንድ ሞለኪውል (በእኛ ቋንቋ ሊጋንድ) ኮክስ-2 የተባለው ኢንዛይም ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ላሳይ ነው። የተተኮሰ ሱሪዬ እንዳይጨማደድ ከአዘዞ ድረስ ባጃጅ ውስጥ በግማሽ መቀመጫዬ ነው የመጣሁት። መምህራኑ ከፊት ተደርድረዋል። ላፕቶፔን ሰካሁ፣ ሶፍትዌሩን ከፈትኩ። ግድግዳው ላይ የበር መዝጊያ የሚያህል ጽሑፍ ወጣ፦ ፈቃድ አልተገኘም። ዘጋሁት። ተመልሶ መጣ። ደግሜ ዘጋሁት። ሁለት ሆኖ መጣ።

አንድ መምህር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ሊጋንዱ ይሄ ነው?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አማካሪዬም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእጄ አስረዳሁ። ግራ እጄ ኢንዛይም፣ የቀኝ ጣቴ መድኃኒት። ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት።

ጥፋታችን ምን መሰለዎት? ሰኞ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ አንቱ የተቀመጡበት፣ ላፕቶፔም በኔትወርክ ፈቃድ የሚጠይቀው የላቦራቶሪ ኮምፒውተር ኔትወርክ ካርዱ ተቃጠለ። ቴክኒሻኑ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ጠዋት ሌላ ገጠመለት። አንቱ ግን የሚያውቁት ካርዱ ላይ ያለችውን ባለ12 ሆሄ መለያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያው፣ ጠረጴዛው ያው፣ አቧራው እንኳን ያው። «አላውቃችሁም» አሉን።

ለኩባንያው ጻፍኩ። በግቢው ኢሜይል ካልሆነ አንቀበልም አሉ። የግቢው ኢሜይሌ ተቆልፏል። ማስከፈቻው ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የአማካሪ ፊርማ ይፈልጋል። ተፈረመ። ማህተም ያዧ ለቅሶ ሄደዋል። አርብ ከኩባንያው መልእክት መጣ፦ ምላሽ ስላልሰጡ ጉዳይዎ ተዘግቷል፤ አገልግሎታችንን ከ5 ስንት ይሰጡታል?

አምና ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ ስለማያስገቡ፣ አንዱ ከፍቶዎት ምሳ ሲበላ እኔ ደጅ ስጠና ዋልኩ። እሱን ትቼልዎታለሁ።

«አውቶዶክ ቪና የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ አይደል? እሱን ተጠቀም» የሚሉ አሉ። አሁን ጀምሬያለሁ። የስምንት ወር ሥራዬ ግን ከአንቱ በቀር ማንም በማይከፍተው ፋይል ታስሯል።

የቢልሃርዚያ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ወንዙ የካርድ ቁጥር አልጠየቃቸውም። አንተ ግን ተከፍሎህ ትዘጋለህ! የቤት ኪራዬን አንተ ትከፍላለህ? እናቴ መቼ ነው የምትጨርሰው ስትለኝ ምን ልበላት? «እማዬ፣ ካርድ ተቀየረ» ልበላት?

ይቅርታ። አንቱ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለማህተም ያዧ፤ ከለቅሶ ሲመለሱ