እርማት፦ «የፈረንጅ ሴት ችግር» ስለተባለው

ወንድሜ፣ ሴቶች በሰውነታቸው ስለማፈራቸው ስለሚናገረው የአውስትራሊያዊቷ ታሪን ብራምፊት ዘጋቢ ፊልም «ኤምብሬስ» (2016 እ.ኤ.አ.) ሲጽፉ «በሰውነት ማፈር የፈረንጅ ሴት ችግር ነው፤ የእኛ ባህል ሞላ ያለች ሴት ስለሚወድ እኛን አይነካንም» ብለዋል። አራት ኪሎ ካፌዎች ውስጥም በየጊዜው የምሰማው ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

የፓሲፊክ ደሴቶች አገር የሆነችውን ፊጂን ይውሰዱ። እዚያም ወፍራም ሰውነት የጤናና የመከበር ምልክት ነበር፤ እንግዳን «ብላ፣ ወፍር» ማለት ወግ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አን ቤከር ያን ጊዜ ከጠየቀቻቸው ተማሪ ልጃገረዶች መካከል ለመክሳት ብላ የምታስታውክ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ግን ከመቶ 11 ያህሉ ያደርጉት ነበር። ሦስት ዓመት ብቻ! ባህሉ የት ሄደ?

ደግሞስ «ሞላ ያለች» መውደድ በራሱ መለኪያ አይደለምን? «ምነው ከሳሽ?» እየተባለች የምታድግ ቀጭን ልጅ ምን እንደሚሰማት እህትዎን ይጠይቁ። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ሲወርዱም የቦርጭ ማጥፊያና የቆዳ ማንጫ ማስታወቂያዎችን ይመልከቱ፤ የተጻፉት በአማርኛ ነው።

ፊልሙ ውፍረትን ይሰብካል ያሉትም አያስኬድም። ዳይሬክተሯ ራሷ ለሰውነት ግንባታ ውድድር ሠልጥና ቀጥናለች፤ ያኔም በሰውነቷ አልተደሰተችም።

ለመወፈር ብለው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚውጡ ካወቁ ደግሞ ይንገሯቸው፦ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ቢከፍትም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይወሰድም።