ውሻ የፈረመለት ድልድይ

«ፈረንጅ እኮ ቅርሱን አይነካም» የምትል ነገር አለች። እንግሊዝ አገር ሐበሻ ቡና ላይ ከተሰበሰበ አትቀርም። እስቲ ሪብልሄድ የሚባለውን የባቡር ድልድይ እንይና እንነጋገር።

ከሊድስ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነፋስ የማይለየው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ባለ 24 ቅስት የባቡር ድልድይ ተገትሯል። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ከፍታው 32 ሜትር ነው። በ1870 ተጀምሮ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ባቡር አለፈበት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ድንጋዩ አልለሰለሰም፤ ፊቱ እንደተፈለጠ ሸካራ ነው። የቅስቶቹ ሆድ ግን ጡብ ነው። በየስድስት ቅስቱ አንድ ወፈር ያለ ምሰሶ አለ። አንዱ ቢናድ እንኳ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ እንዳይሄድ ነው።

የሠሩት የቀን ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው እዚያው ሜዳ ላይ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ከመካከላቸው ብዙ ሰው በአደጋና በፈንጣጣ ሞተ። ከሰፈሮቹ አንዱ ሴባስቶፖል ይባል ነበር። አዎ፣ የዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስም! ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከክራይሚያ ጦርነት ነው።

እና ይህን ድልድይ በ1980ዎቹ ሊዘጉት ነበር። የመንግሥት ባቡር ድርጅት «ጥገናው አይቻልም፣ ውድ ነው» አለ። ያዳነው የቅርስ ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። መስመር ከመዘጋቱ በፊት ተሳፋሪው ተቃውሞውን እንዲያስገባ የሚፈቅድ ሕግ ነበር። ከ20 ሺህ በላይ ተቃውሞ ገባ። ሩስዋርፕ የሚባል ውሻ ሳይቀር በመዳፉ «ፈረመ»። ተቀባይነትም አገኘ፣ ለካ ውሻውም ቲኬት ይቆረጥለት ነበር! በ1989 መንግሥት ሐሳቡን ተወ። ጥገናውም ከተፈራው ባነሰ ገንዘብ አለቀ።

ወደኛ ስመጣ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋን የወለደ እሱ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2016 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን የድሮው ባቡር ለገሃር፣ መሀል ከተማ ነበር የሚያደርሰው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ዳር ለቡ ነው፤ ሻንጣ ይዞ ታክሲ መለመን ነው። በድሮው መስመር ዳር ባቡር እየጠበቁ ሻይና ፍራፍሬ የሚሸጡ እናቶች ነበሩ። ያ ባቡር ሲቆም ማን ጠየቃቸው? ቅሬታቸውንስ የት ያስገቡ ነበር?