ፉርሽካን በሻጋታ አብላልቶ ለዶሮ መመገብ ያዋጣል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ አካባቢ እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች የስንዴ ፉርሽካን በፈንገስ አብላልተው መኖ ውስጥ ቢቀላቅሉ ይጠቅማቸዋል? የመኖ ቅንብር ባለሙያው ይደግፋል፤ የዶሮ ሐኪሟ ትቃወማለች።

ደጋፊ፦ ፉርሽካ ከ15 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ የሚናቅ መኖ አይደለም። ዶሮዋ ግን አትደርስበትም። አሰሩ (ፋይበሩ) 10 በመቶ ገደማ ነው። ካለው ፎስፈረስም ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ፋይቴት በሚባል ውሁድ ተቆልፏል። ዶሮ ይህን የሚፈታውን ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም በበቂ ስለማታመነጭ ፎስፈረሱ በኩሷ ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ዲካልሲየም ፎስፌት የተባለ የፎስፈረስ ማሟያ እንገዛለን። አስፐርጊለስ ኦሪዜ፣ ጃፓኖች ሚሶና የአኩሪ አተር ስጎ የሚሠሩበት ፈንገስ፣ ፋይቴዝም አሰር ቆራጭ ኢንዛይምም ያመነጫል።

አሠራሩ ይህ ነው። 10 ኪሎ ፉርሽካ እርጥበቱ 50 በመቶ እንዲደርስ 7.5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ እንፋሎቱ ራሱ ስለሚጨምር ግን መጀመሪያ 6 ሊትር ብቻ ይረጫል። ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ፣ ሲነኩት የሚፈረካከስ፣ በጣት መሃል ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። 45 ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል፤ እስከ 35 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከ10 እስከ 20 ግራም የዚህ ፈንገስ ደረቅ እርሾ (የዳቦ እርሾ አይደለም) መጀመሪያ ከአንድ እፍኝ ፉርሽካ ጋር፣ ከዚያ ከሙሉው ጋር ይታሻል። ትሪ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተሰጥቶ በንጹሕ እርጥብ አቡጀዲ ይሸፈንና 30 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ይቀመጣል። ከ16 እስከ 20 ሰዓት ባለው ጊዜ ከውስጡ መጋል ይጀምራል፤ 40 ዲግሪን እንዳያልፍ ይገላበጥ፣ ይሳሳ። ከ40 እስከ 48 ሰዓት ሲሞላው ነጭ ክር እንደ ቂጣ ያያይዘዋል። ወደ ቢጫና አረንጓዴ ሳይለወጥ ተፈርፍሮ፣ ስስ ተደርጎ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ ይከተታል። ከጠቅላላው መኖ እስከ 10 በመቶ በጥሬው ፉርሽካ ምትክ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይገባል።

ተቃዋሚ፦ ባልደረባዬ፣ አሠራሩን አሳምረው ገልጸውታል፤ ቦታውን ግን ዘለሉት። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚህ ሙቀት 45 ደቂቃ ሻጋታውን ይገድል ይሆናል፤ የባሲለስ ባክቴሪያን ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም ዘር መሰል ሕዋስ) ግን አይነካም። ክምሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚነሣው እሱ ነው፤ ፉርሽካው ያዝለገልጋል፣ አሞኒያ ይሸታል። በግፊት ድስት 121 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል፣ 10 ኪሎ ግን የትኛው ድስት ይችለዋል?

የባሰው እርሾው ነው። አስፐርጊለስ ኦሪዜና አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። አርቢው እርሾ ላለመግዛት ካለፈው ትሪ እየቆነጠረ ሲቀጥል የዱሩ ዝርያ መግቢያ ያገኛል። አፍላቶክሲን ደግሞ በመቀቀልም በፀሐይ በማድረቅም ተማምነው የሚያስወግዱት መርዝ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር የኑግ ፋጉሎ ተበክሎ መገኘቱ ይታወቃል፤ ሌላ በር መክፈት ለምን ያስፈልጋል? ዶሮዋ ወዲያው አትሞትም። እንቁላል ትቀንሳለች፤ ስትታረድ ጉበቷ ገርጥቶ፣ ስብ ሞልቶት ይገኛል፤ ለፈንግል የተከተበችው ክትባትም በቅጡ አይይዝላትም። አርቢው ክትባቱን ይወቅሳል፣ መኖውን አይጠረጥርም።

ስለ ፕሮቲኑም አንድ ልበል። «ሲብላላ ፕሮቲኑ ጨመረ» የሚሉ ሻጮች አሉ። 1 ኪሎ ደረቅ ፉርሽካ 160 ግራም ፕሮቲን አለው እንበል። ፈንገሱ 150 ግራሙን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ቢለውጠው ቀሪው 850 ግራም ይሆናል፤ 160ው ለ850 ሲካፈል 18.8 በመቶ ይመጣል። አንድ ግራም ፕሮቲን አልተጨመረም! ያ ትሪውን ያጋለው ሙቀት ዶሮዋ ልታገኘው የሚገባ ጉልበት ነበር።

ደጋፊ፦ ዶክተር፣ የፕሮቲኑን ሒሳብ እቀበላለሁ፤ የኔ ክርክር ግን በፎስፈረሱና በአሰሩ ላይ ነው። ከፍታውንም አልክድም፤ በእንፋሎት የሚቆይበት ወደ 90 ደቂቃ ይራዘም፣ ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ አሞኒያ የሸተተው ትሪ ይደፋ። እርሾን ከራሱ መቆንጠር የእንጀራ ልማድ ነው፤ የሊጡ ኮምጣጣነት እርሾውን ይጠብቀዋል፤ እርጥብ ፉርሽካን ግን የሚጠብቀው የለም። ሁልጊዜ ከታሸገ እርሾ መጀመር ግዴታ ነው።

ተቃዋሚ፦ ፎስፈረሱ ከሆነ ጉዳዩ፣ ስንዴ ራሱ በፉርሽካው ውስጥ ፋይቴዝ አለው፤ እርስዎ በእንፋሎት መጀመሪያ የሚገድሉት እሱን ነው። ለ1 ኪሎ መኖ 500 ዩኒት (የኢንዛይም ጉልበት መለኪያ) ፋይቴዝ ይበቃል፤ በግራም 5,000 ዩኒት ያለው ምርት ከሆነ ለአንድ ቶን 100 ግራም ማለት ነው። ትሪ የለ፣ ሻጋታ የለ።

ደጋፊ፦ 100 ግራም በአካፋ ቶን ውስጥ እኩል አይዳረስም፤ መጀመሪያ ከ5 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር መቀላቀል አለበት። ፋይቴዙም ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው፣ አሰሩንም አይቆርጥም። ስለ እንፋሎቱ ግን ልክ ነዎት። ፉርሽካው ከመብሰሉ በፊት 50 ዲግሪ በሆነ ውሃ 2 ወይም 3 ሰዓት ርሶ ቢቆይ የራሱ ፋይቴዝ መጀመሪያ ሥራውን ይሠራል፤ የቀረውን ፈንገሱ ይቀጥል። ይህን አሠራሬ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ተቃዋሚ፦ ያንን ካስገቡ በፎስፈረሱ ያለን ልዩነት ጠባብ ነው። የሚቀረን አሰሩ ነው፤ ለእሱ ሲባል እያንዳንዱ ዙር ለአፍላቶክሲን መመርመር አለበት፣ ደረቅ ክብደቱም ከመብላላቱ በፊትና በኋላ ይመዘን። ይህን የሚችለው ላቦራቶሪ ያለው መኖ አምራች እንጂ 500 ዶሮ የያዘ አርቢ አይደለም። ጫጩት ደግሞ 8 ሳምንት እስኪሞላት ፈጽሞ አይሰጣት፤ የፈንገሱ ስፖር ወደ ሳንባዋ ሲገባ መተንፈሻዋን ያሳምማል።

ደጋፊ፦ በጫጩቱ እንስማማለን። በአምራቹ ግን አልስማማም፤ አሥር አርቢዎች አንድ ማድረቂያና አንድ የምርመራ ወጪ ቢጋሩ ይችሉታል።