የአቃቂን ውሃ በተልባ ከማጣራታችን በፊት

ውሃን በተልባ ስለማጣራት ያነበብኩት ጽሑፍ የተልባ ዝልግልግ ከውሃ ውስጥ እርሳስና መዳብ ይይዛል ይላል። ልክ ነው። ግን ዋናውን ነገር፣ አሲድነትን፣ በአንድ መስመር ዘሎታል። እኔ የአቃቂ ነዋሪ ነኝ፤ በወንዙ ውሃ የበቀለ ጎመንና ቆስጣ ገበያችን ላይ ስለሚሸጥ ነገሩ ያገባኛል።

ዝልግልጉ እርሳሱን የሚይዘው በዋናነት ካርቦክሲል በሚባሉት ቡድኖቹ ነው፤ እነዚህ ኔጌቲቭ ሆነው ፖዘቲቩን ብረት የሚስቡ የሞለኪውሉ ክፍሎች ናቸው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይብሳል) ከ3 በታች ሲወርድ የሃይድሮጂን አዮኖች ቦታውን ቀድመው ይሞሉታል። ታክሲው ሞልቷል፣ እርሳስ ፌርማታ ላይ ቀረ በሉት። ወደ 5 ሲጠጋ ቦታው ይለቀቃል፣ አያያዙም ይሻላል። ፒኤቹ በጣም ከጨመረ ደግሞ እርሳሱ ራሱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ያኔ «ጄሉ (ማለትም ዝልግልጉ) አጠራው» ማለት አያስኬድም፤ ያለ ጄሉም ይዘቅጥ ነበራ!

የክሮሚየም፣ የሌላው ብረት፣ ጣጣ ለብቻው ነው፤ ባለ 3 እና ባለ 6 የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለ 3ቱ ፖዘቲቭ ነው። ባለ 6ቱ፣ መርዛሙ፣ ግን ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ሆኖ ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው አሲዳማ ውሃ ውስጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ፒኤች እናጣራለን ማለት ዘበት ነው።

ሌላው፣ አሲድ ሲነካው ጄሉ የያዘውን መልሶ ይለቃል። የተጠቀምንበትን ዝልግልግ የት ልንደፋው ነው? ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢመለሱበት ደስ ይለኛል።