ዕጢው የግል ነው፤ ክትባቱስ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የካንሰር ክትባት ምርምር ለእያንዳንዱ ታካሚ ለብቻው በሚዘጋጅ ክትባት ላይ ያተኩር ወይስ ብዙዎች በሚጋሩት አንቲጂን (የሰውነት መከላከያ ዒላማ የሚያደርገው የሴል ምልክት) ላይ?

ለብቻው ባይ፦ የካንሰር ሴል ዘረመሉ ሲለወጥ ጤነኛ ሴል ላይ የሌሉ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በገጹ ላይ ያወጣል። ኒዮአንቲጂን የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ቲ ሴል፣ ማለትም በሽታን የሚዋጋው የነጭ ደም ሴል፣ እንደ ባዕድ ሊያያቸው የሚችለውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ግን ከታካሚ ታካሚ ይለያያሉ። ታዲያ ክትባቱ ለምን አንድ ዓይነት ይሆናል? የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ሞደርናና መርክ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው የሜላኖማ (አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር) ታካሚዎች፣ ከየራሳቸው ዕጢ የተመረጡ እስከ 34 ኒዮአንቲጂኖችን የያዘ የኤምአርኤንኤ ክትባት (ሴሎች ዒላማውን ራሳቸው እንዲሠሩ መመሪያ የሚሰጥ) ፔምብሮሊዙማብ ከሚባለው የሰውነት መከላከያን ከሚያነቃ መድኃኒት ጋር ሰጡ። ፔምብሮሊዙማብ ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ካንሰሩ የመመለስ ወይም ታካሚው የመሞት ዕድል በ44 በመቶ ቀነሰ።

በጋራ ባይ፦ ተሳታፊዎቹ 157 እንደነበሩ ለምን ዘለልከው ወንድሜ? ሜላኖማ ደግሞ የተመቸ ምርጫ ነው፤ የፀሐይ ጨረር ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) ስለሚሞላበት ዒላማ አይጠፋም። እኔ የምለው ኬራስ የሚባለውን ጂን ነው። ከአሥር የቆሽት ካንሰሮች በዘጠኙ ገደማ ይህ ጂን ተለውጧል፤ ለውጡም በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው። አስቀድሞ አምርቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ያንተው ግን ዕጢው ተወስዶ፣ ዘረመሉ ተነቦ፣ ዒላማው በኮምፒውተር ተመርጦ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተመርቶ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። የቆሽት ካንሰር ይህን ያህል ይታገሣል?

ለብቻው ባይ፦ ታግሦ አይተነዋል። ኒውዮርክ፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ውስጥ 16 የቆሽት ካንሰር ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የየራሳቸውን ክትባት ወስደዋል፤ ውጤቱ በ2023 ወጣ። በ8ቱ ቲ ሴሎቹ ነቁ፤ በእነሱም ካንሰሩ ከቀሪዎቹ ይልቅ ሳይመለስ ቆየ። የጋራው መንገድማ ተሞክሯል፦ ሜጅ-ኤ3 የሚባለው አንቲጂን ከ2,000 በላይ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ2014 ከሸፈ። ይባስ ብሎ፣ ይህንኑ አንቲጂን እንዲያጠቁ በላብራቶሪ የተሻሻሉ ቲ ሴሎች የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለውን ታይቲን የሚባል ፕሮቲን ከእሱ ጋር አምታተው ሁለት ታካሚዎች ሞቱ። እህቴ፣ ሳሩን አይተሽ ገደሉን ረሳሽው።

በጋራ ባይ፦ ሜጅ-ኤ3ን በእኔ ሒሳብ አትጻፍብኝ! የሚውቴሽን ውጤት አይደለም፤ ጤነኛ የወንድ ዘር ፍሬ ውስጥም ያለ ፕሮቲን ነው። የተለወጠው ኬራስ ግን የዕጢው ነው። ስለ 8ቱም ልጠይቅህ፦ ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ክትባቱ ነው የረዳቸው ወይስ ድሮውንም የመከላከል አቅማቸው ጠንካራ ነበር?

ለብቻው ባይ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚመልሰው ሰፋ ያለ ሙከራ ነው። ግን የኬራስ ቁርጥራጭም ቢሆን በሴሉ ገጽ ላይ የሚታየው የተወሰነ የኤችኤልኤ ዓይነት (ቁርጥራጮችን በሴል ገጽ ላይ የሚያሳዩ፣ ከሰው ሰው የሚለያዩ ፕሮቲኖች) ባለው ሰው ብቻ ነው። ሌላውን ምን ልታደርጊው ነው?

በጋራ ባይ፦ ኤችኤልኤ ለአንተም ዕዳ ነው። ኒዮአንቲጂን የሚመርጡት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሠለጠኑት በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች በተገኘ መረጃ ነው። የጎንደር ሰው ዕጢ ሲቀርብላቸው ከ34ቱ ስንቱን በትክክል ይመርጡለታል?