ይድረስ ለክቡር 300፣ የቀበሌያችን ምክር ቤት የወንበር ብዛት

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከስብሰባዎ በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ልከስዎ አይደለም። ቁጥር እንደማይከሰስ አውቃለሁ። ግን አንድ የገጠር ቀበሌ ስንት ተወካይ ይበቃዋል ተብሎ ሲታሰብ እርስዎን ማን እንዳሰበዎት ሁሌም ይገርመኛል። ድንገት በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ዋዜማ ነው ብቅ ያሉት። ከዚያ በፊት የነበረው ቁጥር ከእርስዎ አጠገብ ሲቆም ሕፃን ነበር። በዚያ ሚያዝያ በቀበሌም በወረዳም ለውድድር የቀረበው ወንበር ተደምሮ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሩ ሕዝብ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እስቲ ያካፍሉት። ጡት የሚጠባውንም፣ ጥጃ የሚጠብቀውንም፣ ምርኩዝ የያዘውንም ቆጥረን ለ20 ሰው አንድ ወንበር! ድል ያለ ሠርግ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ የወንበር ብዛት አይቼ አላውቅም።

ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡ ይላል። ለመላው አገር ማለት ነው። የእኛ ቀበሌና ከወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ ቢደመሩ 600 ይሆናሉ። ጦርነት የሚያውጀውን፣ የአገር በጀት የሚያጸድቀውን ቤት በ50 ሰው በለጥነው። ደስ አይልም?

ቆይ፣ ሌላም ሒሳብ አለኝ። አንድ የገጠር ቀበሌ በአማካይ 5,000 ሰው፣ 1,000 ያህል ቤተሰብ ይኖርበታል ተብሎ ነው የሚታቀደው። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 2 ናቸው። የግብርና ልማት ሠራተኞች 3፣ እነሱም ከተገኙ። ተወካይ ግን 300። ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር ሁለቱ ልጆች ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ እጅ የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ ግን ሦስት መቶው ዝግጁ ነው።

ከሦስት ቤት በአንዱ አንድ የተከበሩ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሰው ስለ መንገዱ ወይም ስለ ምንጩ አቤት ልበል ብሎ ሲነሳ አቤት የሚለው ለማን ነው? ለወንድሙ፣ ለሚስቱ አጎት፣ አለበለዚያ ለራሱ። ወቃሹም ተወቃሹም አንድ ሆነና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይሄ የረቀቀ ነው፣ አደንቅዎታለሁ።

ስብሰባዎ ደግሞ! ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ጉባኤ የለም። 151 ሰው መሆኑ ነው። በጉልጉሎ ሰሞን? በአጨዳ? ስለዚህ የሚጠራው በሬ በማይጠመድበት ቀን ነው፣ ለሚካኤል ወይ ለማርያም፣ ገበሬው ጠበል ጻዲቅ ልቅመስ ባለበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይባልና አምስት ሰዓት ይሆናል። ሰብሳቢው በተሰብሳቢው ላይ ዓይኑን ያማትራል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይቆጥራል። ኮረም አልሞላም። ሚሊሻው ይላካል፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ይያዛል፤ አባል ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም፣ ጋቢ ለብሶ ቁጭ ካለ ይበቃል። ከዚያ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ሁለት ሰዓት ያወራል፣ «ድጋፍ? ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ?» ይባላል፣ በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ምን እንዳለፈ ኋላ በመንገድ ላይ እንጠያየቃለን።

በዚህ ሁሉ መሃል እርስዎ ሲወስኑ አይቼ አላውቅም። የሚወስነው ካቢኔው ነው። ደመወዝ የሚበላው ሥራ አስኪያጁ ነው። በጀት ያጸድቃሉ እንዳይባል፣ ከክልል የሚመጣው ድጎማ ወረዳ ደርሶ ይቆማል፤ ቀበሌ እጅ የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስት መቶ ሰው በሌለ ብር ላይ እንዴት አድርጎ ይከራከር?

ታዲያ ለምን መጡ? እኔ የገባኝን ልንገርዎ። የ1997ቱ ምርጫ ያኔ ገዢ ፓርቲ የነበረውን ኢሕአዴግን አስደነገጠው። ከዚያ በኋላ አባል በሚሊዮን ተመለመለ፤ አባል ሲበዛ ማስቀመጫ ይፈለጋል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነበሩ መሰለኝ፣ ምክንያቱም አንድ ምስኪን ተቃዋሚ አንዲት ቀበሌ ላይ ሙሉ በሙሉ ልወዳደር ቢል 300 እጩ ማምጣት አለበት፤ ለወረዳው ሁሉ ልወዳደር ካለ በሺዎች፤ ይህን የሚችለው በየጎጡ አባል የመዘገበ ፓርቲ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ወጡ። በዚያ ሁሉ ሚሊዮን ወንበር ላይ ተቃዋሚው ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በላይ ፓርቲዎች አንገባም አሉ። ሕዝብ አሳታፊ ተብለው ነው የመጡት፣ ግን ብዛትዎ ራሱ አጥር ነበር።

ደርግን የማመሰግንበት ነገር ጥቂት ነው፣ ቢሆንም የገበሬ ማኅበር ሲያቋቁም 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት መነሻ አድርጎ ነው። ልክ ይሁን አይሁን ቢያንስ አንድ ነገር ለክቷል። እርስዎን ያወጣዎት ሰው ምን ለክቶ ይሆን?

አንድ ነገር እመሰክርልዎታለሁ። በእርስዎ ምክንያት ብዙ ሴቶች ምክር ቤት ገብተዋል፤ ድሮ ከዋርካው ሥር ድምፃቸው የማይሰማ ነበሩ። ይሄን አልክድም። ደግሞም ይቀነስ ሲባል «7 ይበቃል» የሚሉትን አልወድም። ሰባት ከሆነ ሰባቱም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉት የአንድ ዘር ልጆች ይሆናሉ፣ ቆላ ያለው ጎጥ ወሬውን እንኳ ከሳምንት በኋላ ነው የሚሰማው። እኔ ብጠየቅ፣ ማንም አይጠይቀኝም እንጂ፣ ከየጎጡ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት፣ በቃ። አንድ ክፍል ውስጥ የሚበቁ፣ ማን እንደቀረ በስም የሚታወቅ። እድራችን ይኼን ሁሉ አባወራ በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ አይደል የሚያስተዳድረው? የቀረ ይቀጣል፣ ሒሳብ ይነበባል፣ የሰረቀ ይዋረዳል።

በነገራችን ላይ በ2010 ዓ.ም. ይካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ እንደተራዘመ ሰምተው ይሆናል። በ2005 ከተመረጡልዎ ውስጥ የሞቱ አሉ። አዲስ አበባ የገቡ አሉ። አረብ አገር የሄደችም አለች፣ ወንበሯ አሁንም በስሟ ነው። እርስዎ ግን ሰው ኖረም አልኖረም 300 ነዎት፣ ንቅንቅ የለም።

ስለዚህ ክልሉ ሕጉን አንድ ቀን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ከጤፍ አጨዳ በኋላ ያድርጉልን። እስከዚያ ኮረሙን በደብተር ይሙሉት፣ ልማድዎ ነው።

ከማይነገር አክብሮት ጋር፣
አንድ ነዋሪ (አባል ያልሆነ፣ ከተገኙት ጥቂቶች አንዱ)

ግልባጭ፦
ለ300ዎቹም የምክር ቤት አባላት
(ቀበሌው ወረቀት ስለጨረሰ አልተላከም)